አውቶሜሽን፣ ወረርሽኝና የምግብ አቅርቦት፤ መሣሪያው ለማን?

አንድ ጉርሻ ከማሳ ተነሥቶ ገበታ ላይ እስኪደርስ ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ በደኅናው ቀን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አራሹ፣ አጫጁ፣ ተሸካሚው፣ ሾፌሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ፣ የቄራው ወዛደር፣ የመጋዘኑ ጠባቂና የሱቁ ሻጭ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። ሰንሰለቱ ሳይበጠስ በሚሠራበት ጊዜ እነዚህ እጆች አይታዩም፤ የሚታየው ዕቃውና የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ሲላላ ግን ከዕቃው በስተጀርባ ያለው የሰው ጉልበት፣ ከሰው ጉልበትም በስተጀርባ ያለው የምርት ግንኙነት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. በመላው ዓለም የተዛመተው የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ በኢንዱስትሪ በበለጸጉት አገሮች የኩባንያ ሥራ አስኪያጆችና ጠበብት አንድ መድኃኒት ደጋግመው ሲያዝዙ ይሰማል። ሰው ይታመማል፤ መሣሪያ አይታመምም። ስለዚህ በምግብ ማምረቻውና በማከፋፈያው ሁሉ ሰውን በአውቶማቲክ መሣሪያ ብንተካ፣ የሚመጣው ወረርሽኝ ምንም ያህል ቢከፋ ገበታው ባዶ አይሆንም ይላሉ። ይህ አባባል በከፊል እውነትነት አለው። ከፊል እውነት ግን የቀረውን ግማሽ የመሸፈን ኃይል ስላለው፣ ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ የሆነውን እንመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. አስታወቀ። በዚያው ወር አጋማሽ በአሜሪካ፣ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ በተባለችው ከተማ ውስጥ ባለው የስሚዝፊልድ ኩባንያ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሠራተኛ ተገኘ። አሳማ ለአብዛኛው ሕዝባችን ገበታ እንግዳ ቢሆንም፣ በዚያ ፋብሪካ የተፈጸመው ነገር ግን ምግብ በሚመረትበት ቦታ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ፋብሪካው ከ3,600 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ኩባንያው ፋብሪካውን ላልተወሰነ ጊዜ ለመዝጋት መገደዱን ገለጸ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባደረገው ጥናት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ 929 ሠራተኞች፣ ማለትም ከአራት ሠራተኞች አንዱ፣ በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል። ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው 210 ሰዎችም ተይዘዋል።

ይኸው ጥናት አንድ ሌላ ነገር ያሳያል። በወር ደመወዝ ከሚተዳደሩት የፋብሪካው ሠራተኞች መካከል የተያዙት 14.8 በመቶ ሲሆኑ፣ በሰዓት ሒሳብ ከሚከፈላቸው መካከል ግን 26.8 በመቶ ተይዘዋል። በሽታው በእጅጉ የበረታው ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በሚያርዱበትና በሚቆራርጡበት ክፍል ነበር። ቫይረሱ የመደብ ንቃት የለውም፤ የሚሄደው ግን መደብ ባሰመረለት መንገድ ነው።

በዚያ ፋብሪካ ወደ አርባ የሚጠጉ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። በብዛት ከሚነገሩት ዐሥር ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኙበታል። ይህን ስናነብ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ይቀራል። የሕመም ምልክት ታይቶባቸው ወደ ቤታቸው ለሚሰናበቱት ሠራተኞች የሚሰጠው የማስረጃ ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ እንደነበር የማዕከሉ መርማሪዎች ዘግበዋል። በዚያው ሰሞን ኩባንያው ከሥራ ሳይቀሩ ወሩን ለሚፈጽሙ ሠራተኞች የ500 ዶላር ጉርሻ አቅርቦ ነበር። ትኩሳት የያዘው፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ የተሰጠውን ወረቀት ማንበብ የማይችል ስደተኛ ወዛደር በዚህ ሁኔታ ምን ይመርጣል? መልሱን ለማግኘት የኢኮኖሚክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ለመሆኑ በሽታው ከሌላው ፋብሪካ ይልቅ በሥጋ ፋብሪካዎች የበረታው ስለምንድን ነው? የቄራ አዳራሽ ቀዝቃዛ ነው፤ አየሩ ተዘግቶ ይዘዋወራል፤ የመሣሪያው ጩኸት ሠራተኛው ጎረቤቱን ለማናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲጮህ ያስገድደዋል። ከሁሉም በላይ በጣሪያ ላይ የተዘረጋው ሰንሰለት የታረደውን ከብት አንጠልጥሎ ያለማቋረጥ ይጓዛል፤ ሠራተኛው ባለበት ቆሞ ያንኑ አንድ ቁራጭ በቀን በሺሕ ጊዜ ይቆርጣል። ሰንሰለቱ በፈጠነ ቁጥር ብዙ ቢላዋ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቢላዋ በጠባብ ቦታ ሲሰለፍ ደግሞ በሰውና በሰው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ይህ አሠራር ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ለጀመረው ተንቀሳቃሽ የመኪና መገጣጠሚያ መስመር መነሻ የሆነው ሐሳብ ከቺካጎ ቄራዎች ተንጠልጣይ ሰንሰለት የተገኘ እንደነበረ ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ቄራው የዘመናዊው የምርት መስመር አባት ነው ማለት ይቻላል፤ ይሁንና ልጁ መኪና የሚበይድ ሮቦት ባለቤት ሲሆን አባት እስከ ዛሬ በሰው ክንድና በሰው ቢላዋ ላይ ተደግፎ ቀርቷል።

ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ የተከተለው ቅራኔ ለማመን ያስቸግራል። በከተማው ገበያ የሥጋ መደርደሪያ ሲሳሳ፣ በገጠሩ ደግሞ አርቢዎች ለገበያ የደረሱ አሳማዎችን ገድለው ቀበሩ። በዘመናዊው እርባታ አሳማ በስድስት ወር ገደማ ለእርድ ይደርሳል፤ አንዱ ሲወጣ ቦታውን የሚይዘው ሌላው አስቀድሞ ተወልዶ ይጠባበቃል፤ ለመጠባበቂያ የተተወ ባዶ ጋጣ የለም። ሁሉም ነገር በቀን ተቆጥሮ የተሰላው ትርፍን ለማብዛት ስለሆነ፣ አንድ ቀለበት ሲቆም ሌላው የሚያርፍበት ቦታ አጣ። የትምህርት ቤቶችና የምግብ ቤቶች መዘጋት ደግሞ ወተት ሜዳ ላይ እንዲደፋ አደረገ። የተራበ ባለበት ምግብ የሚቀበርበት ሥርዓት የጎደለው ምግብ አይደለም፤ የጎደለው ምግቡን ከሰው ፍላጎት ጋር የሚያገናኝ ዕቅድ ነው።

ሚያዝያ 20 ቀን 2012 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውን የመከላከያ ምርት ሕግ መሠረት አድርገው የሥጋ ፋብሪካዎች ሥራቸውን እንዲቀጥሉ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ። ምክንያቱ የሕዝቡን ምግብ ማዳን ነው ተባለ። የሰንሰለቱ ፍጥነት እንዲቀንስስ ምን ተደረገ? በዚያው በፈረንጆች የአፕሪል ወር የአገሪቱ የእርሻ ሚኒስቴር ዐሥራ አምስት የዶሮ ፋብሪካዎች በደቂቃ ከ140 ወደ 175 ዶሮ እንዲያፋጥኑ ፈቀደ። ኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በአምስቱ ታላላቅ የሥጋ ኩባንያዎች ብቻ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ገደማ ቢያንስ 59,000 ሠራተኞች መያዛቸውንና ቢያንስ 269 መሞታቸውን ገልጿል። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በሱ ፎልሱ ፋብሪካ ላይ የወሰነው መቀጫ 13,494 ዶላር ነበር። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ አውቶሜሽን ለዚህ ሁሉ መልስ ይሆናል ወይ? አውቶሜሽን ማለት ሰው በእጁና በዓይኑ ሲሠራ የነበረውን ሥራ፣ ሁኔታውን ለክቶ እንቅስቃሴውን በራሱ ለሚያስተካክል መሣሪያ መስጠት ማለት ነው። ተራ ሞተር ጉልበትን ይተካል፤ አውቶማቲክ መሣሪያ ግን ከጉልበት አልፎ የመመልከትንና የመመጠንን ተግባር ይተካል። ከዚህ አኳያ ሲታይ ታላቅ የምርት ኃይሎች እድገት መሆኑን የሚክድ ተራማጅ አስተሳሰብ ሊኖር አይችልም። በብርድና በደም መካከል ስምንት ሰዓት ቆሞ አጥንት መሰንጠቅ ለሰው ልጅ የሚገባ ዕጣ አይደለም። ያንን ሥራ መሣሪያ ቢረከበው ደስ ልንሰኝ ይገባል።

ይሁን እንጂ ሥራው በሁሉም መስክ እኩል አይደለም። በዴንማርክ አገር፣ ሆርሰንስ በተባለችው ከተማ፣ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ኩባንያ የሆነው ዳኒሽ ክራውን እ.ኤ.አ. በ2004 የከፈተው ቄራ በሳምንት እስከ አንድ መቶ ሺሕ አሳማ የማረድ አቅም አለው። እዚያ መሣሪያው የእያንዳንዱን እንስሳ አካል ለክቶ ይሰነጥቃል። ይህ የሆነው እንስሳቱ በክብደትም በቅርጽም ተቀራራቢ ስለሆኑ ነው። በሬ ግን አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይለያያል፤ ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት ደግሞ የጣት ስሜት ይጠይቃል። ሮቦት አጥንት የት እንዳለ በኤክስሬይ ሊያይ ይችላል፤ ቢላዋው ከአጥንት ወደ ጅማት ሲሸጋገር የሚሰማውን ስሜት ግን የሠለጠነ እጅ ያህል አያውቀውም። ስለሆነም ነገ ጠዋት ቄራውን ሁሉ ያለ ሰው እናንቀሳቅሳለን የሚለው አባባል ከተጨባጩ ሁኔታ የራቀ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንንም ማታለል አይገባንም። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ንብረት መሆኑና የተራቀቀ መሣሪያ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አልሆነም። ይኸው የዴንማርክ ኩባንያ ሪንግስቴድ በተባለችው ከተማ የነበረውን ቄራ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በሠራተኞች መካከል በተዛመተው በሽታ ምክንያት ለጊዜው ለመዝጋት ተገዷል። ከዚህ የምንማረው መሣሪያው ሠራተኛውን ካልቀነሰባቸው ክፍሎች ሁሉ ርቀት፣ አየርና የሕመም ፈቃድ አሁንም ተፈላጊ መሆናቸውን ነው።

ሁለተኛው ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ የአውቶማቲክ መሣሪያ ግትርነት ነው። በእንግሊዝ አገር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዱቄት ከሱቅ ጠፋ። ስንዴ አልጠፋም፤ ወፍጮዎቹም አልቆሙም፤ እንዲያውም በጥቂት ሠራተኛ የሚንቀሳቀሱ ዘመናዊ ወፍጮዎች ነበሩ። ነገር ግን ከአገሪቱ ዱቄት ውስጥ በሱቅ በኩል ለቤተሰብ የሚሸጠው አራት በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ የቀረው በትልልቅ ከረጢትና በቦቴ መኪና ለዳቦ ቤትና ለፋብሪካ ይጓጓዝ ነበር። ሕዝቡ ቤቱ ተዘግቶ መጋገር ሲጀምር፣ ትንንሹን ከረጢት የሚሞሉት ጥቂት የማሸጊያ መስመሮች ሌት ተቀን ቢሠሩም አልደረሱም። ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ሥራው ሲለወጥ ከመቆም በቀር ምርጫ የለውም። በዚያው ወር ሸቀጥ በሮቦት እየለቀመ ወደ ቤት በማድረስ የታወቀው ኦካዶ የተባለው ኩባንያ የትእዛዝ መቀበያውን ለጥቂት ቀናት መዝጋት ግድ ሆኖበት ነበር። ሰው ግን ሥራ ሲለወጥ ይማራል፤ ይህ የእርሱ ብቻ ጸጋ ነው።

ሦስተኛ፣ መሣሪያም የራሱ ወረርሽኝ አለው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጄ.ቢ.ኤስ. የተባለውን የዓለም ታላቅ የሥጋ ኩባንያ የኮምፒዩተር ሥርዓት ወንበዴዎች ሰብረው ገቡ። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሚገኙ ፋብሪካዎች አንድም ሠራተኛ ሳይታመም ቆሙ፤ ኩባንያውም 11 ሚሊዮን ዶላር ማስለቀቂያ ከፈለ። ኮምፒዩተሩ ያልታመመው የሰውን በሽታ ብቻ ነው። ምርት በጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች እጅ ሲከማች፣ ቫይረሱ የሰውም ሆነ የኮምፒዩተር፣ አንድ በር ሲዘጋ የሚሊዮኖች ምግብ ይስተጓጎላል። የአሜሪካ የበሬ ሥጋ ገበያ ሰማንያ አምስት በመቶ ያህል በአራት ኩባንያዎች የተያዘ መሆኑን ስናስታውስ የአደጋው ስፋት ይገባናል። ይህን የሞኖፖል ክምችት አውቶሜሽን አይፈውሰውም፤ ውድ መሣሪያ የሚገዛው ባለ ብዙ ካፒታሉ ስለሆነ እንዲያውም ያባብሰዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቢላዋና ስለ ሮቦት ነው። ነገር ግን በአህጉራችን በወረርሽኙ ወቅት የምግቡን መንገድ የዘጋው በአመዛኙ ወረቀት ነበር። በግንቦት 2012 ዓ.ም. በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር፣ ማላባ ላይ፣ ሾፌሮች የምርመራ ውጤት ሲጠብቁ የጭነት መኪናዎች ሰልፍ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ተዘረጋ። አንዱ አገር የሰጠውን የምርመራ ማስረጃ ሌላው አይቀበልም ነበር። ከወራት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የሾፌሩን የጤና ማስረጃና የጭነቱን ጉዞ በስልክ የሚከታተል የጋራ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አቋቋሙ። ይህም አውቶሜሽን ነው። ማንንም ከሥራ አላፈናቀለም፤ ሾፌሩን በጠባብ ሰልፍ ውስጥ ተጨናንቆ ከማደር ለማሳረፍ፣ ጭነቱንም ለማንቀሳቀስ የታሰበ ነው። ድሀ አገሮች ከሁሉ በፊት ሊያስቡበት የሚገባው አውቶሜሽን ይህን የመሰለው ነው ብለን እናምናለን።

ጀርመን አገር የሆነው ደግሞ የምርት ግንኙነትን ሳይነኩ ችግሩን መፍታት እንደማይቻል ይመሰክራል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሬዳ ቪደንብሩክ በተባለችው ከተማ በሚገኘው የተኒስ ቄራ ከ1,500 በላይ ሠራተኞች ተያዙ። አብዛኞቹ ከሩማንያና ከቡልጋሪያ የመጡ፣ በንዑስ ተቋራጭ የተቀጠሩ፣ በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው የሚያድሩ ነበሩ። ኩባንያው በሥጋው ላይ ባለቤት ሲሆን፣ በሠራተኛው ላይ ግን ባለዕዳ አልነበረም። የአገሪቱ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ በቄራ ሥራ ውስጥ ንዑስ ተቋራጭነትን አገደ፤ ሠራተኞቹ በኩባንያው በቀጥታ እንዲቀጠሩ አስገደደ። ለዚህ አንድም ሮቦት አላስፈለገም፤ ያስፈለገው የሠራተኛ ማኅበራት ለዓመታት ሲጮኹበት የኖሩትን ጉዳይ መስማት ብቻ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእኛ የምግብ ሰንሰለት እስከ ዛሬ በአብዛኛው በሰው ትከሻ ላይ ነው። ጆንያውን የሚያወርደው ተሸካሚ፣ በእህል በረንዳ የምትሸጠው እናት፣ ከጂቡቲ ወደብ ስንዴና ማዳበሪያ ጭኖ በረሃውን የሚያቋርጠው ሾፌር በ2012 ዓ.ም. ሌላው ቤቱ ሲከተት እነርሱ መንገድ ላይ ነበሩ። እነዚህን ወገኖቻችንን በመሣሪያ ለመተካት አቅሙም የለንም፤ አስፈላጊነቱም አይታየንም። የሚያስፈልገው ሸክሙን የሚያቀል፣ ወረፋውን የሚያሳጥር፣ የመጋዘኑን ክምችት በየዕለቱ የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። የትኛው ወረዳ ምን ያህል እህል እንዳለው በሰዓቱ ከታወቀ፣ ነጋዴ ወሬ ነዝቶ ዋጋ የሚያንርበት ጨለማ ይጠባል። ይህ እንዲሆን ግን ሚዛኑን የሚመዝነው፣ ቁጥሩን የሚመዘግበውና መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው የራሳችን የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት አንድ መሠረታዊ መደምደሚያ ላይ እንደርሳለን። መሣሪያ በራሱ ነጻ አውጪም ጨቋኝም አይደለም። በትርፍ አሳዳጅ እጅ ሲሆን አውቶሜሽን የሚመጣው ወዛደሩ ከታመመ በኋላ፣ ወዛደሩን ለማሰናበት ነው። ለኅብረተሰቡ ጥቅም ሲውል ግን የሚመጣው ከወረርሽኙ በፊት፣ በጣም አደገኛ ከሆነው ቦታ ጀምሮ፣ ወዛደሩን ለማዳን ነው። ልዩነቱን የምናውቀው በአራት ጥያቄዎች ነው። መሣሪያው ሲገባ የሰንሰለቱ ፍጥነት ጨመረ ወይስ በሠራተኞቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ? ከሥራው የተነሣው ሠራተኛ ሌላ ሙያ ተማረ ወይስ ከበር ተባረረ? የታመመ ሠራተኛ ደመወዙን ሳያጣ ቤቱ ይተኛል ወይስ በጉርሻ ተደልሎ ይመጣል? አንድ ፋብሪካ ቢዘጋ ሥራውን የሚረከብ ሌላ ፋብሪካ አለ ወይስ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ተከማችቷል?

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን አስታውቋል። አስቸኳይ ሁኔታው ቢያበቃም ጥያቄዎቹ አላበቁም፤ ወረርሽኝ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ እንግዳ አይደለምና። የሚቀጥለው ሲመጣ ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ የምንሻ ከሆነ፣ ከብረቱ ቀለበት በፊት ሥጋ ለባሹን ቀለበት ማጠንከር ይኖርብናል። በሱ ፎልስ በአማርኛ የሚያወራው ያ ወዛደር የተሰጠው ወረቀት በሚገባው ቋንቋ ቢጻፍለት፣ ከጎረቤቱ ሁለት ሜትር ቢርቅ፣ የታመመበት ቀን ቢከፈለው ኖሮ፣ ፋብሪካው በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከሚገዛው ሮቦት በፊት ርካሽና አስተማማኝ ጋሻ ባገኘ ነበር። መሣሪያውን እንሥራ፤ እንማረውም፤ እናስፋፋውም። መሣሪያው ግን የሚሠራውን ሰው የሚያገለግል እንጂ የሚተካበትን ቀን የሚቆጥር እንዳይሆን ከወዲሁ እንጠንቀቅ።